ሰይጣኑ በስንት ሰዓት መጣ?

ለመርማሪ ፖሊስ የሰጠሁት ቃል፣ ለፍርድ ቤት ያቀረብኩት የቅጣት ማቅለያ፣ ለንስሐ አባቴ የተናዘዝኩት፣ እናቴም በመጀመሪያው የመጠየቂያ ቀን ስትመጣ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ የነገርኳት ሁሉ ሲጠቀለል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።» ይህን ስል እየዋሸሁ አልነበረም፤ ከልቤ አምኜበት ነበር። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት፣ ከልጅነት ጀምሮ ያልተለየሁትን ጓደኛዬን በተሰበረ የቢራ ጠርሙስ ፊቱን መትቼ ግራ ዓይኑን አጠፋሁበት። ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ጥፋተኛ ተብዬ ስድስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደብኝ፤ አራቱን ዓመት ታስሬ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በአመክሮ ወጣሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ታሪኬ ለሰው የሚያኮራ ሆኖ አይደለም። በእስር ላይ ሳለሁ ያገኘሁት የሥነ ልቦና ሕክምና ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባለማግኘቴ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ፤ ዛሬ ስንቅ የምታመላልሱ ቤተሰቦችና ራሳችሁም በዚያ መንገድ ላይ ያላችሁ ሰዎች ያንኑ ጊዜ እንዳታባክኑት ብዬ ነው።

በዚያን ዘመን ሥራዬ ከገበሬ ቀይ እሸት ቡና እየገዛሁ ለአቅራቢ ማስረከብ ነበር። በቡና ወቅት ገንዘብ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጓደኛዬ በጥቅምት መጨረሻ 18,000 ብር ተበድሮኝ፣ «ሐሙስ እሰጥሃለሁ» እያለ ሦስት ሐሙስ አሳለፈ። በዚያ ምሽት ስጠይቀው አሁንም «ሐሙስ» አለና ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የሆነውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት እዚያው ፖሊስ ጣቢያ ነው። በየቀኑ እቅም ነበር፣ በየቀኑም እጠጣ ነበር፤ ይህን ግን አፍሬም፣ ክሱን ያከብድብኛል ብዬም ለማንም አልተናገርኩም። በሁለተኛው ሌሊት እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ይታየኝ ጀመር። አብረውኝ የታሰሩት «ኅሊናው ነው የሚያሠቃየው» አሉ፤ እኔም እንደዚያው መሰለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡ ድንገት ሲቋረጥበት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚጥል መንፈራገጥና መቃዠት ሊይዘው፣ ካልታከመም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የጫቱ ከዚህ ይለያል፤ ሰውነትን እንደዚያ ባይጥልም ድካም፣ ድብርትና አስፈሪ ሕልም ያከታትላል። እንግዲህ ዘመዳችሁ በተያዘ ዕለት ጠበቃ ከመፈለግ እኩል ልትሮጡበት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ጠጪ ከነበረ ሳትሸፋፍኑ ለጣቢያው ንገሩ፣ የጤና ባለሙያ እንዲያየውም ጠይቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና የሕግ አማካሪው እንዲጎበኙት ዕድል የማግኘት መብት አለው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከተፈረደብኝ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ከዚህ የባሰ ዕድሜ በላብኝ፤ ጸጸትን ከመታረም ጋር አንድ አድርጌ ማየቴ። አልቅሻለሁ፣ ጾሜአለሁ፣ በሌሊት ተነሥቼ ሰግጃለሁ። የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር ልቤ ይቀልል ነበር፤ በዚህም የተነሣ «እኔ ከእንግዲህ ሰው የምመታ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ብዬ ደመደምኩ። በስምንተኛው ወር፣ ያውም በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፌ ሳለሁ አንድ ወጣት ጀሪካኔን ከሰልፉ አውጥቶ ከኋላ አስቀመጠብኝ፤ ከንፈሩን በቡጢ ተረተርኩት። ካቦው፣ የክፍላችን ተጠሪ እስረኛ፣ ገላግሎን ሲያበቃ የተናገርኩትን ቃል አልረሳውም። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አልኩት። ንስሐ ከፈጣሪዬ ጋር ያለኝን ነገር አስተካክሎ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም፤ እጄ ከመነሣቱ በፊት በውስጤ የሚሆነውን ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ በክሊኒኩ የነበረችው ነርስ እንቅልፍ እንደማልተኛ አይታ ወደ አእምሮ ሕክምና ላከችኝ፤ የድብርት ሕመም እንዳለብኝ ተነግሮኝ ፍሎክሴቲን የሚባል መድኃኒት ተሰጠኝ። በአሥረኛው ቀን አቋረጥኩት። በአንድ በኩል ምንም ለውጥ አላየሁም፣ በሌላ በኩል ደግሞ ክፍል ውስጥ «የእብድ ኪኒን ይውጣል» መባሉ ከመድኃኒቱ ይልቅ መረረኝ። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ጥቅሙ የሚታየው ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ መሆኑን የነገሩኝ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ነው፤ ያኔ ታግሼ ወሰድኩት፣ በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ታራሚ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ስንቅ ስታቀብሉ «መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳያቋርጥም ለምኑት። መድኃኒቱ እንቅልፌን መለሰልኝ። ቁጣዬን ግን መድኃኒት ሊያስተምረው አይችልም ነበር።

ያንን ያስተማረችኝ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች አንዲት ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነች። እኛ «ዶክተር» እንላታለን፣ እሷ «ዶክተር አይደለሁም» ትለናለች፤ እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የጎልማሶች ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ክብ ሠርተን እንቀመጥ ነበር። ንግግሩ በአማርኛና በኦሮምኛ ይቀላቀላል፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው ይተረጉምለታል። በመጀመሪያው ቀን ተራዬ ሲደርስ ያችኑ የለመድኳትን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ባለሙያዋ ማስታወሻዋን ዘግታ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «እሺ ጋሼ፣ ሰይጣኑ በስንት ሰዓት መጣ?» አለችኝ።

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። «እንዴት በስንት ሰዓት?» አልኳት።

«ጠርሙሱ የተሰበረው በስንት ሰዓት ነው?»

«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ።»

«ታዲያ ሁለት ሰዓት ላይ ሰይጣኑ የት ነበር? ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይስ?»

መልስ አልነበረኝም። ከደብተር የተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝና የዚያን ቀን ውሎዬን በሰዓት ከፋፍዬ እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ ምክንያት እንዳልጽፍ፣ ራሴን እንዳልወቅስ፣ ማንንም እንዳልከስ፣ የሆነውን ብቻ እንዳሰፍር። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከቀኑ በሰባት ሰዓት ጫት ገዝቼ አንድ ጓደኛችን ቤት በርጫ ተቀመጥን። በዘጠኝ ሰዓት አቅራቢው ደውሎ ሒሳብ እንድዘጋ ጠየቀኝ። በአሥር ሰዓት፣ ምርቃናው ከፍ ባለበት ጊዜ፣ ሌሎቹ ሲጨዋወቱ እኔ ዝም ብዬ በ18,000 ብሯ ነገር እብሰለሰል ነበር፤ ጓደኛዬን ሳገኘው የምናገረውን ንግግር፣ እሱ የሚመልስልኝን፣ እኔ ደግሞ የምመልስለትን በልቤ እየደጋገምኩ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ለጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ወጣን። ምሳ አልበላሁም ነበር። በሁለት ሰዓት አራተኛ ቢራዬን ይዣለሁ። በሦስት ሰዓት ጓደኛዬ ገባ።

ወረቀቱን በቡድኑ ፊት ሳነብ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት፣ ሼህ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት፣ የሥጋ ዘመዳቸውን ነፍስ በማጥፋት የተፈረደባቸው ሰው ነበሩ፤ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ሸይጣንማ ከስምንት ሰዓት በላይ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ ዋለ፤ በሩን ማን እንደከፈተለት ነው ያልጻፍከው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ዓረፍተ ነገር መናገር አፈርኩ። ነገሩን ለሌላ ሰው ሳስረዳ የሚቸግረኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሕክምናው ሰውን ከጥፋተኝነት ስሜቱ የሚያላቅቅ ማባበያ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ የእኔ ግን ተቃራኒው ሆነ። «አላወቅሁም፣ ደም ፍላት ነው» የምልበትን መጠለያ ሰዓት በሰዓት እያፈረሰ በምትኩ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አስረከበኝ። ያም ሆኖ ተስፋው ያለው በዚሁ ውስጥ ነበር፤ ድንገት የመጣ ነገርን ማንም ሊከላከለው አይችልም፣ በሰባት ሰዓት የተጀመረን ነገር ግን በስምንትም በአሥርም በአሥራ ሁለትም ማቆም ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው «ናቀኝ» የምትለው ቃል ነች። በወረቀቴ ላይ «ሐሙስ አለኝና ሳቀ፤ ናቀኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ባለሙያዋ ሳቀ የሚለውን በአንድ መስመር፣ ናቀኝ የሚለውን በሁለት መስመር አሰመረችበትና የመጀመሪያው ዓይኔ ያየው፣ ሁለተኛው እኔ የጨመርኩት መሆኑን አሳየችኝ። ቁጡ ሰዎች ግልጽ ያልሆነን ነገር፣ ሳቅም ይሁን ዝምታ ወይም ግፊያ፣ ወዲያው በክፋት የመተርጎም ልማድ እንዳላቸው በጥናት የታወቀ መሆኑን ነገረችን። በሳምንቱ ውስጥ ያናደደንን ነገር ሁሉ በአራት ረድፍ እንድንጽፍ አደረገች፤ የሆነው፣ ለራሴ የነገርኩት፣ ሰውነቴ ላይ የተሰማኝ፣ ያደረግሁት። ከዚያም ለራሴ ከነገርኩት ሌላ ሊሆን የሚችል አንድ ትርጉም መፈለግ። የጀሪካኑን ነገር ስጽፍ፣ ያ ወጣት ጀሪካኔን ወደ ኋላ የወሰደው ታችኛው ተሰንጥቆ ውሃ ስለሚያፈስ ሊሆን እንደሚችል ታየኝ። ጠየቅሁት፤ እውነትም ያፈስ ነበር።

በሦስተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተደጋግሞ አገኘሁ፤ ጆሮዬ ይግላል። ከመናደዴ በፊት፣ ከመናገሬ በፊት፣ የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ እንደ ፍም ይሆናል። አብረውኝ ከነበሩት አንዱ መንጋጋውን ይነክሳል፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዱም እጁ ይቀዘቅዛል፤ እያንዳንዱ የራሱ አለው፣ ያንን ማወቅም የሥራው እኩሌታ ነው። ጆሮዬ ሲግል የምናገረውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሜ እንድመርጥ ተነገረኝ፤ በዚያች ሰዓት ጭንቅላት አዲስ ነገር አያመነጭምና። «ውሃ ልጠጣ» የሚለውን መረጥኩ። ይህን ብዬ እነሣለሁ፣ እወጣለሁ፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አልመለስም። በመጨረሻም ልምምድ መጣ። አንድ የአጋሮ ልጅ ጓደኛዬን ሆኖ ከፊቴ ተቀመጠ፣ ወረቀቴ ላይ እንደጻፍኩት እግሩን አነባብሮ «ሐሙስ» አለና ሳቀ። በክፍሉ ውስጥ ጠርሙስ የለም፣ መጠጥ የለም፣ ልጁም እንደ ወንድሜ ነው፤ ቢሆንም ላብ በላብ ሆንኩ፣ ጨርሼ መቀመጥ አቃተኝ። በሰባተኛው ጊዜ ነው «ውሃ ልጠጣ» ብዬ በሰላም የተነሣሁት።

እዚህ ላይ ለታራሚዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከቡድናችን አንዱ ጉዳዩ በይግባኝ ላይ እያለ ያልተጠየቀውን ዝርዝር ሁሉ ዘከዘከ፣ ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ በየክፍሉ ተወራ። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት ባለሙያውን የምትናገሩት ነገር ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ምስጢር ሆኖ እንደሚቆይና ምን እንደማይቆይ በግልጽ ጠይቁ፤ ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይከፋም። ያላለቀ ክስ ካላችሁ ስለ ስሜታችሁና ስለ ልማዳችሁ ተናገሩ፣ ስለ ድርጊቱ ዝርዝር ግን በቅድሚያ ከጠበቃችሁ ጋር ተማከሩ።

«ይሄ ነገር እውነት ይሠራል?» ብሎ የጠየቃት ሰው ነበር፤ መልሷን ወድጄው ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሮበርት ማርቲንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በማረሚያ ቤቶች የሚሰጡ ፕሮግራሞችን ውጤት መርምሮ ተስፋ የሚያስቆርጥ ጽሑፍ አወጣ፤ «ምንም ነገር አይሠራም» የሚለው አባባልም ከዚያ ተነሥቶ ተስፋፋ። ራሱ ማርቲንሰን በ1979 እንደገና ጽፎ አንዳንዱ ሕክምና በአንዳንድ ሁኔታ እንደሚጠቅም አመነ፤ ያንኛውን ሁሉም ሰማ፣ ይህኛውን የሰማ ግን ጥቂት ነው። ቀጥለው የመጡት ካናዳውያኑ ዶናልድ አንድሩስና ጄምስ ቦንታ ጥያቄውን ለወጡት፤ ይሠራል ወይ ከማለት ይልቅ ለማን፣ ስለ ምን፣ እንዴት ብለው ጠየቁ። ጠንካራው ሕክምና እንደገና ወንጀል የመፈጸም አደጋው ከፍ ላለበት ሰው መሰጠት አለበት፤ ማተኮር ያለበትም ወደ ወንጀሉ በሚገፉት ነገሮች፣ ማለትም በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር፣ በአስተሳሰብ ልማድ፣ በጓደኛ ምርጫና በሥራ ማጣት ላይ ነው፤ አሰጣጡም ሰውየው በሚማርበት መንገድ መሆን አለበት። አደጋው ዝቅተኛ የሆነውን ሰው ከከባዶቹ ጋር ቀላቅሎ ማከም ሊጎዳው እንደሚችልም ታይቷል። እኔ በየትኛው ወገን እንደምመደብ ጠየቅኋት፤ «ጫቱና ቢራው ካልቀሩ ከፍተኛው ላይ ነዎት» አለችኝ። ደስ አላለኝም፣ እውነት ነበር።

የቀረውን ቀን የምውለው እንጨት ሥራ ክፍል ነበር። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ መሥራት ተማርኩ፤ ይህ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ፣ እንደ ሌላው የቤት ዕቃ የተሰበረውን እግር በምስማር መልሶ መምታት አይቻልም፣ አንዴ መሮው ከሳተ ዋንዛው ለማገዶ ይሆናል። በስለት ሰው የጎዳ እጄ ሹል መሮ ሲሰጠው ጠባቂው ለረጅም ጊዜ ዓይኑን አልነቀለም ነበር፤ አልፈረድኩበትም። ማለስለሻው ብርጭቆ ወረቀት ይባላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስሙ ሲጠራ እንኳ ደንገጥ እል ነበር። ይህን ሙያ ከሕክምናው ለይቼ አላየውም። ጆሮዬ ሲግል የምሄድበት ቦታ ሆነልኝ።

ያ ሁሉ ልምምድ የተፈተነው በሦስተኛው ዓመት ነው። አባቴ አርፎ ነበር። ቤተሰቤ እዚያ ሆኜ እንዳልጎዳ ብለው፣ በእኛ ልማድ ደግ ሐሳብ ነው፣ መርዶውን አምስት ወር ደበቁኝ። እናቴ በመጣች ቁጥር «አሞት ተኝቷል» ትለኛለች፤ የሐዘን ልብሷን እንዳላይባት ስትል በር ላይ ትቀይር ኖሯል። አንድ አዲስ የገባ የሰፈራችን ልጅ ግን ሳያውቅ «ነፍስ ይማር፣ ቀብሩ ላይ ነበርኩ» አለኝ። ልጁን ልመታው ነበር። ምን አጠፋ? ምንም። ጆሮዬ ጋለ፣ «ውሃ ልጠጣ» አልኩ፣ እንጨት ሥራው ክፍል ገብቼ ሳንቃዎቹን ከአንድ እስከ መጨረሻ ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ማልቀስ ቻልኩ። ቤተሰቦች፣ እባካችሁ አትደብቁ። መርዶው ከባድ ከሆነ ከምክር አገልግሎት ባለሙያው ወይም ከሃይማኖት አባቱ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ሰው አጠገቡ ባለበት ሰዓት ንገሩት።

በዚሁ ዓመት ሌላ ስሕተት ሠራሁ፤ ወደ ጓደኛዬ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሄደው «ታርሟል፣ ይቅር በለው» ብለው ለመኑት። ጓደኛዬም፣ «እሱ እንዲተኛ ነው እኔ ይቅር የምለው?» ብሎ መለሳቸው። ለባለሙያዋ በቅሬታ ነገርኳት፤ ደስ የሚል ነገር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ልክ ነው ያለው» አለችኝ። ይቅርታ መጠየቅና ይቅርታን መሻት ሁለት ነገር መሆናቸውን፣ የእኔ ለራሴ ዕረፍት የተላከ ደብዳቤ እንደነበረ ለመረዳት ወራት ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ምንም ሳይጠይቁት ካሳውን እንዲያደርሱልኝ። ከበርጩማ ሽያጭ የሚደርሰኝን፣ በላዩ ደግሞ እናቴ አንዲት ላም ሸጣ የሰጠችኝን፣ በየጊዜው አደረሱለት። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት አመክሮ የሚገኘው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ የዕድሜ ልክ ከሆነ ሃያ ዓመቱን በመፈጸም ብቻ አይደለም፤ ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻል ማሳየቱና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱም ይታያል። ብዙ ታራሚ ቀኑን ብቻ ይቆጥራል። ካሳውን ግን ለአመክሮው ብላችሁ በመጨረሻው ዓመት ከምትሯሯጡ ከመጀመሪያው ጥቂት በጥቂት ጀምሩ፤ ተበዳዩም ልዩነቱን ያውቀዋል።

የወጣሁ ቀን ባጃጁ፣ ጥሩምባው፣ የሰዉ ብዛት አዞረኝ። መንደራ እናቴ ቤት ስደርስ ድንኳን ተጥሏል፣ በግ ታርዷል፣ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» የሚለው ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። ቢራ በሳጥን ተደርድሯል፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ የድሮ ጓደኞቼ በፍቅር የገዙልኝ ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጠብቀኛል። አራት ዓመት የራቅሁት ነገር ሁሉ በምርቃት ታጅቦ መጣ። ከባለሙያዋ ጋር ለመጀመሪያው ሳምንት ዕቅድ አውጥተን ነበር፤ በጫት መሸጫው መንገድ ላለማለፍ፣ ከመሸ ላለመውጣት፣ ሥራ በሦስተኛው ቀን ለመጀመር። ስለ ድግሱ ግን አላሰብንም። የመጀመሪያውን ቀን አለፍኩ፣ ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ቀን ሰው ላለማስቀየም ብዬ በርጫ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቃምኩም። በአሥራ ሁለት ሰዓት «ለጨብሲ እንውጣ» ሲባል ወረቀቴ ትዝ አለኝ፣ የሰዓቱ ረድፍ አንድ በአንድ። «ውሃ ልጠጣ» ብዬ ወጣሁና በአዌቱ ወንዝ ዳር እየሄድኩ፣ ከእኔ ቀድሞ ለወጣ ልብስ ሰፊ ደወልኩ፤ እዚያው ጅማ መርካቶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ መጣ። አንድ ቀን ወደቅሁ ማለት ሁሉም አበቃ ማለት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ያንኑ ምሽት ለአንድ ሰው መናገር እንዳለብኝ ከእሱ ተማርኩ። ከመውጣታችሁ በፊት እንዲህ የሚጠራ አንድ ሰው፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፣ ስልኩን በቃላችሁ ያዙ። ቤተሰቦችም፣ በጉን እረዱ፣ ደስታችሁ ነው፤ ቢራውንና ጫቱን ግን ተዉት፣ ሰውየውንም ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ አድርጋችሁ አታስቀምጡት፤ ውሃ ያምጣ፣ አጥር ይጠግን።

ቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት የአመክሮ ፈተና ነበሩ፤ ጥፋት ከተገኘብኝ ተመልሼ የምጨርሳቸው። ተቀጥሮ መሥራት አልሆነልኝም፤ ታሪኬን የሰማ ሁሉ «እንደውልልሃለን» ይላል። ወዲያውም ኮሮና መጥቶ ገበያው ቀዘቀዘ። ከልብስ ሰፊው ጋር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን በአንዱ በኩል እሱ ይሰፋል፣ በሌላው እኔ በርጩማ እፈለፍላለሁ። ወደ ባለሙያዋ በወር አንድ ጊዜ መሄዴን ሁለት ዓመት ቀጠልኩ፤ ሕክምናው በበር ላይ የሚያበቃ የመሰላቸው ጓደኞቼ በስድስት ወር ውስጥ ሲመለሱ አይቻለሁና።

ከጓደኛዬ ጋር በከተማው ውስጥ አልፎ አልፎ እንተያይ ነበር። መንገድ ላይ ሳገኘው በግራው በኩል እንዳልቀርበው እጠነቀቃለሁ፤ በማያይበት ወገን ድንገት ሰው ሲያገኘው ይደነግጣል። ዞሬ በቀኙ በኩል፣ ራቅ ብዬ አልፋለሁ፣ እጅ አልነሣም፣ አልጠራውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎንብሼ የአንዱን በርጩማ መቀመጫ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ ብርሃኑ ጨለመብኝ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ሳልጋብዘው ገባ፣ ያለቀውን በርጩማ ገልብጦ እግሮቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አስቀምጦ ተቀመጠበት፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

«ስንት ነው?» አለኝ።

በነፃ ውሰደው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። «ስምንት መቶ» አልኩ።

«ሰባት መቶ።»

«ሰባት መቶ ሃምሳ፤ ዋንዛ ነው።»

ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ ቆጠረና ሰባት መቶ ሰጠኝ። በርጩማውን በትከሻው አንጠልጥሎ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ቀሪዋን ሃምሳ ሐሙስ እሰጥሃለሁ» አለና ሳቀ።

ልብስ ሰፊው መኪናውን መርገጥ አቆመ። እኔ እጄን አንሥቼ የቀኝ ጆሮዬን ነካሁ። የእንጨት ዱቄት ነበረበት፤ አልጋለም። «እሺ» አልኩት።